ከቀላል የብልትና የሽንት መስመር ቀዶ ሕክምና በኋላ፦ የትኛው ቁስል በምን ይሸፈን?

ግርዛት፣ የቆለጥ ውኃ መቋጠር፣ ቫሪኮሲል (የቆለጥ ደም ሥሮች ማበጥ)፣ ቫዜክቶሚ (የወንድ የዘር ቱቦ ተቆርጦ የሚደረግ ቋሚ የወሊድ መቆጣጠሪያ)፣ በሆድ በኩል የሚገባ የሽንት ቱቦ፤ እነዚህ በአብዛኛው ጠዋት ተገብቶ ከሰዓት በኋላ ወደ ቤት የሚኬድባቸው ሕክምናዎች ናቸው። ሐኪሙ ቁስሉን አሽጎ ይሸኛል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሥራ የታካሚውና የቤተሰቡ ነው። ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ቦሌ አራብሳ ወይም ለገጣፎ ለሚኖር ሰው ይህ ሥራ ከሌላው ይከብዳል። ማታ ጎዙ ሽንት ቢነካው ክፍት መድኃኒት ቤት በቅርብ አይገኝም፣ ውኃው በፈረቃ ነው፣ ወደታከሙበት ሐኪም ቤት ለመመለስ ደግሞ ባጃጅና ታክሲ መቀያየር አለ። ስለዚህ ምን እንደሚሸፈን፣ በምን እንደሚሸፈንና መቼ እንደሚነሣ አስቀድሞ ማወቅ ብዙ ጣጣ ያስቀራል።

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር ይያዝልን። በንጹሕ ሁኔታ ተቀድዶ በደንብ የተሰፋ ቁስል ጠርዝና ጠርዙ በ24 እና በ48 ሰዓት መካከል ይገጥማል። የማሸጊያው ዋና ሥራ እስከዚያ ድረስ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚያድነው መታጠብ፣ ማድረቅና አየር ማግኘት ነው። በዚህ አካባቢ ላብ፣ ሽንትና የጭን መፋተግ ስላለ እርጥብ ጎዝ አለመሸፈንን ያስመኛል። «ቢቆይ ይሻለዋል» ተብሎ ሳምንት ሙሉ የተተወ ማሸጊያ ከሥሩ ቆዳውን እያራሰ ስፌቱን ያላላል፣ ለጀርምም ምቹ ቤት ይሆናል። ብዙዎች የሚሳሳቱት ቶሎ በማንሣት ሳይሆን በማቆየት ነው።

ከሐኪም ቤት ሳይወጡ

የሚከተሉትን ጠይቀው በቀጠሮ ካርድዎ ላይ ያስጽፉ። ክሩ በራሱ የሚሟሟ ነው ወይስ የሚነቀል? ማሸጊያው በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት ይነሣ? ከላይኛው ጎዝ ሥር ቫዝሊን ጎዝ (ቫዝሊን የተቀባ ጎዝ) አለ ወይስ ደረቁ ጎዝ በቀጥታ ቁስሉ ላይ ነው? ደም ማስወጫ ላስቲክ ገብቷል? ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ወይም አስፕሪን የሚወስዱ ከሆነም መቼ እንደሚቀጥሉ እዚያው ይጠይቁ። ከቤት ሆኖ በስልክ ይህን ለማጣራት መሞከር አድካሚ ነው።

ዕቃውንም እዚያው አካባቢ ካለ ፋርማሲ ገዝቶ መሄድ ይሻላል። ለአንድ ሰው ከበቂ በላይ የሚሆነው ይህ ነው፦ 10 በ10 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ ለየብቻው የታሸገ ስቴራይል (ከጀርም የጸዳ) ጎዝ ከ10 እስከ 15 እሽግ፤ ለግርዛት ከሆነ በተጨማሪ 3 ወይም 4 ቫዝሊን ጎዝ፤ 2.5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የወረቀት ፕላስተር አንድ ጥቅል፤ ግማሽ ሊትር ኖርማል ሳላይን (ቁስል ማጠቢያ የጨው ውኃ) አንድ ወይም ሁለት፤ ጥቂት ጥንድ ጓንት፤ ሽታ የሌለው ሳሙና፤ ያልተከፈተ ነጭ ቫዝሊን። የቆለጥ ከረጢት ቀዶ ሕክምና ከሆነ ደግሞ ጠበቅ ያለ የጥጥ ፓንት ሁለት፤ አንዱ ሲታጠብ አንዱ ይለበሳል።

የጎዙን እሽግ አገላብጠው ይዩ። «ስቴራይል» የሚል ጽሑፍና ያላለፈ ቀን መኖር አለበት። ወረቀቱ የተቀደደ፣ የተበሳ ወይም ረጥቦ የደረቀ ምልክት ያለው ከሆነ ለቁስል አይሆንም። በጥቅል ተቆርጦ የሚሸጠው ነጭ ጎዝ አብዛኛውን ጊዜ ከጀርም የጸዳ አይደለም፤ ከላይ ለመደገፍ እንጂ ቁስል ላይ ለመዋል አይገዛ። ጥጥም እንዲሁ፤ ቃጫው ስፌቱ ላይ ተጣብቆ ይቀራል፣ ሲነቀል ደም ያመጣል፣ ሳይነቀል ቢቀርም ያቆጣል። ጥጥ እጅ ለማድረቅም ሆነ ቁስል ለመጥረግ ይቅር።

ውኃና ሳላይን

ሳላይን ካለቀ በቤት ማዘጋጀት ይቻላል። አንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ክዳን ባለው ድስት ያፍሉ፤ ቡልቅ ቡልቅ ማለት ከጀመረ በኋላ ቢያንስ 3 ደቂቃ ይንተክተክ። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ብለው ስለሚገኙ ውኃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ ገና በ92 ወይም በ93 ዲግሪ ይፈላል፤ አንድ ደቂቃ የማይበቃው በዚህ ነው። ከዚያ አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ሳይከመር ልሙጥ ሆኖ፣ ይጨመርና ተሸፍኖ ይቀዝቅዝ። በ24 ሰዓት ውስጥ ይጠቀሙበት፣ የተረፈውን ይድፉት። ጨው ከበዛ ቁስሉን ያቃጥላል እንጂ ይበልጥ አያጸዳውም።

ከሦስተኛው ቀን በኋላ ላለው መታጠብ ሳላይን አያስፈልግም፤ የቧንቧ ውኃ ይበቃል። ከሮቶ ወይም ከጀሪካን የሚቀዳ ከሆነ ግን አፍልቶ ማቀዝቀዝ ይገባል፤ ጀሪካን ውስጡ በደንብ ስለማይታጠብ። ውኃውን በጆግ እየቀዱ ከላይ ወደታች ማፍሰስ እንጂ ሳፋ ውስጥ መቀመጥ ቢያንስ ለሁለት ሳምንት አይፈቀድም። ጠበል የሚጠመቁ ሰዎችም ቁስሉ እስኪገጥም ብልትና ብሽሽት ላይ ውኃ እንዳይፈስባቸው ቢያደርጉ መልካም ነው፤ መጠጣቱን ቁስሉ አይከለክልም።

ግርዛት

የአዋቂ ግርዛት ቁስል ብልትን ዙሪያውን የሚከብ ስለሆነ ከሌላው ይለያል። ዙሪያውን የሚጠመጠም ማንኛውም ነገር ሊያንቅ ይችላል፤ ቁስሉ ከሽንት መውጫው በጥቂት ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ነው፤ ብልት ደግሞ ሌሊት በራሱ ይቆማል። ማሸጊያው እነዚህን ሦስቱንም መቻል አለበት።

ትክክለኛው አደራረግ ይህን ይመስላል። ስፌቱ ላይ አንድ ዙር ቫዝሊን ጎዝ፤ በላዩ ደረቅ ጎዝ አንድ ወይም ሁለት ዙር፤ በመጨረሻም ሳይወጠር የተለጠፈ ፕላስተር። ብልቱ ወደ እምብርት አቅጣጫ ቀና ብሎ በሆድ ላይ ይያዛል፤ እንዲህ ሲሆን እብጠቱ ይቀንሳል። የብልት ጫፍ ከነሽንት መውጫው ክፍት ሆኖ መታየት አለበት። ጫፉ ሙሉ በሙሉ ተሸፍኖ ከተሸኙ፣ ደሙ በደንብ እየተዘዋወረ መሆኑን ማየት ስለማይቻል፣ ከመውጣትዎ በፊት እንዲስተካከል ይጠይቁ።

የመጀመሪያው ቀን ላይ በየሁለት ሰዓቱ ጫፉን ይመልከቱ። በጣት ጫን ሲሉት ፈዘዝ ብሎ ሲለቁት ወዲያው ወደቀድሞው ቀለሙ ይመለሳል። ከወትሮው ቀለሙ ይልቅ ወደ ሰማያዊ ወይም ወደ ጥቁር ካደላ፣ ከቀዘቀዘ ወይም ከደነዘዘ ማሸጊያው አንቆታል። ያኔ ፕላስተሩን አይጎትቱ፤ ጫፉ ድብልብል በሆነ መቀስ ውጪኛውን ፕላስተርና ጎዝ ብቻ፣ ከስፌቱ ርቀው፣ በርዝመቱ ይቅደዱት። ቀለሙ ወዲያው ካልተመለሰ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሐኪም ቤት መሄድ ነው፤ ይህ እስከ ጠዋት የሚታደርበት ነገር አይደለም። በላስቲክ ፋሻ ቤት ውስጥ ደግሞ መጠምጠም ፈጽሞ አይገባም። ላስቲክ ፋሻ እብጠቱ ሲጨምር ይበልጥ እየጠበቀ ያንቃል።

ሽንት ሲሸኑ ቁጢጥ ከማለት ቆሞ ጫፉን ወደፊት አዘንብሎ መያዝ ይሻላል። በመጨረሻ የሚንጠባጠበውን በንጹሕ ጎዝ ነካ ነካ አድርገው ያድርቁ። ጥቂት ጠብታ ውጪውን ጎዝ ቢነካ ውጪውን ብቻ ይቀይሩ። ሽንት እስከ ውስጥ ዘልቆ ካራሰው ግን 48 ሰዓት እስኪሞላ አይጠበቅም፤ ጠቅላላው ይነሣና በአዲስ ይተካል።

ማሸጊያውን የማንሻው ሰዓት ከ24 እስከ 48 ሰዓት ነው፤ በብዙ ቦታ 48 ሰዓት ላይ የክትትል ቀጠሮ ስለሚሰጥ እዚያው ቢነሣ ይመረጣል። በቤት የሚነሣ ከሆነ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ አስቀድመው ፓራሲታሞል ይውሰዱ፤ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ፤ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ከሥር ሳፋ ያድርጉ። ለብ ያለ ሳላይን ጎዙ ላይ በትንሽ በትንሹ ያፍስሱና እርጥብ እንደሆነ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይተዉት። ትዕግሥት የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው። ውጪኛው ጎዝ ሲለቅ ከውስጥ ያለውን ቫዝሊን ጎዝ ስፌቱ በሚዞርበት አቅጣጫ እየተከተሉ ያንሡት፤ ወደላይ ወይም ወደታች መጎተት የስፌቱን ጠርዝ ይከፍታል። አንድ ክር ስፌት ላይ ከተያዘ በዙሪያው ያለውን ጎዝ በመቀስ ቆርጠው የያዘውን ትንሽ ቁራጭ ይተዉት፤ በነገታው ሲያርሱት በራሱ ይለቃል። በደረቁ «ቶሎ ላላቅቀው» ብሎ መንጨት ለሁለተኛ ቀን ደም መፍሰስ አንዱ ምክንያት ነው።

ሲከፈት የሚታየው ሰውን ያስደነግጣል። ከጫፉ ሥር እንደ ቀለበት ያበጠ ቆዳ፣ ወይን ጠጅ የመሰለ ብልዝ፣ ስፌቱ ላይ ስስ ቢጫ ሽፋን ይኖራል። ይህ ቢጫ ነገር መግል አይደለም፤ ቁስሉ ሲድን የሚያወጣው ሽፋን ነው። መግል ይወፍራል፣ ይሸታል፣ ጫን ሲሉ ይወጣል፣ ከሕመምና ከትኩሳትም ጋር ይመጣል። ቢጫውን ሽፋን በጎዝ እየፈተጉ ማንሣት አዲሱን ቆዳ አብሮ መግፈፍ ነው።

ቁስሉ ደረቅ ከሆነ ከዚህ በኋላ መሸፈን አያሻውም። ጫፉ ለዓመታት በሸለፈት ተሸፍኖ ስለኖረ ልብስ ሲነካው ያቃጥላል፤ ስስ ቫዝሊን ቀብተው አንድ ዘርዘር ያለ ጎዝ ከፓንቱ ጋር ቢያደርጉበት ይቀላል። አሁንም እርጥበት የሚያወጣ ከሆነ አንድ ቫዝሊን ጎዝና አንድ ደረቅ ጎዝ ለአንድ ቀን ይጨመርለታል። ያለቀለት ቫዝሊን ጎዝ ካላገኙ ጓንት አድርገው ስቴራይል ጎዝ ላይ ከአዲስ ቫዝሊን በስሱ መቀባት ያንኑ ሥራ ይሠራል። ቤተሰቡ ሁሉ ለፊትና ለእጅ ሲዝቅ የከረመ ዕቃ ውስጥ ያለውን ግን አይጠቀሙ።

ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ በቀን ሁለት ጊዜ በለብታ ውኃና በጥቂት ሳሙና ማጠብ፣ ሳይፈትጉ በንጹሕ ጨርቅ እየነኩ ማድረቅ ነው። የሚሟሟው ክር ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ተበጣጥሶ ይወድቃል፤ አንድ ሁለቱ ቀድመው ቢወድቁና ቁስሉ ካልተከፈተ አያሳስብም። ሌሊት ብልት ሲቆም ስፌቱ ይወጠራል፤ ከመተኛትዎ በፊት መሽናት፣ ሲነቁም ተነሥቶ ጥቂት መራመድ ይረዳል። ግንኙነት ለ6 ሳምንት ይቆያል። ከላይ የዳነ የሚመስለው ቆዳ ከሥሩ ገና ስለማይጠነክር በ3 ሳምንት የሚጀምሩ ሰዎች ቁስሉን ይከፍቱታል፤ ክፍት ቁስል ደግሞ ለኤች አይ ቪ በር ነው።

የቆለጥ ከረጢት፦ ውኃ መቋጠርና መሰሎቹ

እዚህ ላይ ማሸጊያው ከመሸፈን ይልቅ መደገፍ ነው ሥራው። የከረጢቱ ቆዳ ልልና ተለጣጭ ስለሆነ ከውስጥ ትንሽ ደም ቢፈስ የሚገታው ነገር የለም፤ እየተጠራቀመ ይሄዳል። የሚንጠለጠል ከረጢት ያብጣል፣ ያበጠ ከረጢት ስፌቱን ይወጥራል፣ ሕመሙም ይብሳል።

ስፌቱ ላይ የታጠፈ ስቴራይል ጎዝ ይደረጋል። ከዚያ አምስት ወይም ስድስት ጎዝ ከእጥፋቱ ተዘርግቶ እንደገና ላላ ተደርጎ ተጨብጦ ዙሪያውን ይሞላል፤ አየር የያዘ ስለሚሆን እርጥበት ይመጥጣል፣ ግፊቱንም እኩል ያደርሳል። ይህን ሁሉ የሚይዘው ጠበቅ ያለው ፓንት ነው። ፓንቱ ሲለበስ ከረጢቱ ወደላይ ቀና ብሎ ይቀመጥ፤ ወደታች ተጭኖ ከቀረ ድጋፉ ከንቱ ነው። ሰፊ ሙታንታ ይህን አይሠራም። ፕላስተር ከረጢቱ ላይ መለጠፍም አያዋጣም፤ ቆዳው የተሸበሸበና ላብ የበዛበት ስለሆነ አይዝም፣ የያዘበት ቦታ ደግሞ ሲነቀል ቆዳ ይልጣል።

በሚተኙበት ጊዜ ፎጣ አጥፈው ከጭንዎ መካከል፣ ከከረጢቱ ሥር ያድርጉ። በመጀመሪያው ቀን ቀዝቃዛ ነገር ማድረግ ይጠቅማል፤ ፍሪጅ ከሌለ ሌሊቱን ውጭ ያደረ የፕላስቲክ ጠርሙስ ውኃ በጨርቅ ጠቅልሎ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ማስጠጋት ይበቃል። በቀጥታ ቆዳ ላይ አይደረግም፤ ጎዙንም እንዳያረጥብ ይጠንቀቁ።

ደም ማስወጫ ላስቲክ ከገባ በመጀመሪያው ቀን ጎዙ በቀላ ፈሳሽ መራሱ የታሰበ ነው። በራሰ ቁጥር ውጪውን ይቀይሩ፤ ላስቲኩን ራሱን ግን አይጎትቱ፣ አያሳጥሩ። አብዛኛውን ጊዜ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ ባለሙያ ያወጣዋል። የወጣበት ቀዳዳ ለሁለት ሦስት ቀን ጠብ ጠብ ይላል፣ ደረቅ ጎዝ ብቻ ይበቃዋል። ላስቲክ ያልገባለት ቁስል ከ48 ሰዓት በኋላ ክፍት ቢሆን ይቻላል፤ ነገር ግን ከፓንቱ ጋር እንዳይፋተግ አንድ ንጹሕ ጎዝ በመካከል ማድረግና በቀን አንዴ፣ ላብ ከበዛም ሁለቴ መቀየር ጥሩ ነው። ፓንቱን ሌት ተቀን ለሁለት ሳምንት ይልበሱት።

ከረጢቱ ለሳምንታት ያበጠና ጠንከር ያለ ሆኖ ስለሚቆይ ብዙ ሰው «ውኃው ተመለሰ» ብሎ ይሰጋል። ቀስ በቀስ እየቀነሰ እስከሄደ ድረስ የጤና ነው። በሰዓታት ውስጥ የሚያድግና የሚወጠር እብጠት ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ከታች እንመጣበታለን።

እንደ ጋምቤላና ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ዝሆኔ የሚያመጣው የፋይላሪያ በሽታ ካለባቸው አካባቢዎች መጥተው የሚታከሙ ሰዎች አብሮ ያበጠ እግር ሊኖራቸው ይችላል። የእግሩን ማጠቢያ ሳፋ፣ ጨርቅና ፎጣ ለቁስሉ አይጠቀሙ። ቁስሉ መጀመሪያ ይታጠባል፣ እግሩ በኋላ።

ወደ ቤት ሲሄዱ በባጃጅ ኮብልስቶንና ኮረኮንች ላይ መንገጫገጭ ለዚህ ቁስል ክፉ ነው። የግድ ከሆነ ፓንቱን ካጠበቁ በኋላ የታጠፈ ፎጣ ከሥር አድርገው፣ ሾፌሩን ቀስ እንዲል ለምነው ይሂዱ። ሚኒባስ ውስጥ ከኋላ ወንበር ይልቅ መሐል ይቀመጡ፤ የኋላው የበለጠ ይዘላል።

ቫዜክቶሚ

ቁስሉ ትንሽ ስለሆነ ነገሩም ትንሽ ነው። በ1974 እ.ኤ.አ. ቻይናዊው ሐኪም ሊ ሹንቺያንግ ባስተዋወቁት ያለ ምላጭ በሚሠራው ዘዴ ቆዳው ይበሳል እንጂ አይቀደድም፤ ስለዚህ ስፌትም ብዙ ጊዜ አያስፈልገውም። አንድ የታጠፈ ጎዝና ጠበቅ ያለ ፓንት ይበቃል። ቦታው ለ2 ወይም ለ3 ቀን ደረቅ ይሁን፣ 2 ቀን ይረፉ። ቁስሉ ቶሎ ቢድንም መካንነቱ ወዲያው አይመጣም፤ ለ3 ወር ሌላ የወሊድ መቆጣጠሪያ ይጠቀሙ።

የብሽሽት ስፌት

ቫሪኮሲል ወይም ያልወረደ የዘር ፍሬ ለማስተካከል ብሽሽት ላይ የሚቀደደው ቁስል ከሽንት የራቀ፣ ቆዳውም ልሙጥ ስለሆነ ፕላስተር በደንብ ይይዛል። ደረቅ ጎዝ በወረቀት ፕላስተር ርካሽና በቂ ነው። ገንዘቡ ካለ ግልጽ የፕላስቲክ ሽፋን፣ ቴጋደርምን የመሰለው፣ አቧራና የውኃ ርጭት ስለማያስገባ በተለይ በበጋው አቧራ ይመቻል፤ ከሥሩ ቁስሉንም ያሳያል። ችግሩ ፈሳሽ ሲጠራቀምበት ነው። ከሥሩ ኪስ ሠርቶ ውኃ ከቋጠረ፣ ወይም ጠርዙ ተነሥቶ ቦይ ከከፈተ፣ ቀኑ ባይደርስም ይቀየራል። ሲነሣ ጠርዙን ይዘው ከቆዳው ጋር ትይዩ ወደጎን ይሳቡት፤ ያኔ ሙጫው ራሱ ይለቃል። ወደላይ መንቀል ቆዳ ያቆስላል።

ስግደት ለብሽሽት ስፌት ከባድ ነው፤ ጎንበስ ቀና ሲባል ጠቅላላው ጉልበት እዚያው ያርፋል። ሐኪሙ እስኪፈቅድ ቆሞ ወይም ወንበር ላይ ሆኖ መጸለይና መስገድ ይሻላል። ለዓቢይ ጾም ሰሞን ወይም ለረመዳን ቀዶ ሕክምና የያዘ ሰው ይህን አስቀድሞ ቢያስብበት ጥሩ ነው። ጿሚ ከሆኑም ሽሮ፣ ምስርና ባቄላውን ጨመር ማድረግ እንጂ በቲማቲም ለብለብ ብቻ መዋል ቁስል አያድንም። ድርቀት ማማጥን ያመጣል፣ ማማጥ ስፌት ይወጥራል፤ ውኃና አታክልት ይጨምሩ።

በሆድ በኩል የገባ የሽንት ቱቦ

ከእምብርት በታች በቀጥታ ወደ ፊኛ የሚገባው ቱቦ ዙሪያ ቁስል አለ፤ ቁስሉ ደግሞ ቱቦው እስካለ ድረስ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም። ስቴራይል ጎዝ ወስደው ከአንድ ጎኑ እስከ መካከሉ በንጹሕ መቀስ ይቅደዱት። ቱቦውን በቅዱ መካከል አሳልፈው ሁለተኛውን ጎዝ ቅዱ በተቃራኒ በኩል እንዲሆን በላዩ ያድርጉ። ከዚያ ዙሪያውን በፕላስተር ይያዙ። በየቀኑ አንዴ፣ ከራሰም ወዲያው ይቀየራል። ሲያጸዱ በሳላይን ከቱቦው ሥር ተነሥተው ወደውጭ ይጥረጉ፤ ወደውስጥ አይመለሱ። ከ10 ቀን ገደማ በኋላ ደረቅ ሆኖ ከታየ በሳሙናና በውኃ ማጠብ ብቻ ይበቃዋል። ውፍረት ያለው ጎዝ ለዘወትር ካኖሩበት እርጥበት ይዞ ቀይ ሥጋ ያበቅላል።

ቱቦውን ከሆድ ላይ በፕላስተር አንድ ጊዜ ጥቂት ላላ አድርገው ይያዙት፤ ሲገለበጡ እንዳይጎተት። ሽንቱ የሚጠራቀምበት ከረጢት ሁልጊዜ ከፊኛ በታች ይሁን፣ ወለል ግን አይንካ፤ ሁለት ሦስተኛው ሲሞላ ይድፉት። ቱቦው ድንገት ቢወጣ ራስዎ አይመልሱት። ቀዳዳው አዲስ ከሆነ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ስለሚጠብ በንጹሕ ጎዝ ሸፍነው፣ የወጣውን ቱቦ ይዘው፣ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሐኪም ቤት ይሂዱ።

ቁስሉ ላይ የማይደረጉ

የካፕሱል ዱቄት ፈልቅቆ መነስነስ በሰፈር የተለመደ ነው። ዱቄቱ ከፈሳሹ ጋር ቅርፊት ሠርቶ መግልን ከሥሩ ይዘጋል፣ አለርጂም ያመጣል፤ ጀርሙን ግን አይደርስበትም። ቡና፣ ቅቤ፣ አመድ፣ የተወቀጠ ቅጠል ከአፈር የሚመጣውን የመንጋጋ ቆልፍ ጀርም ሊያስገቡ ይችላሉ፤ ይህ በሽታ ይገድላል፣ ከግርዛት በኋላም ሰው ይዞ ያውቃል። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትዎ ያልተሟላ ከሆነ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ይናገሩ።

አልኮል የብልት ጫፍ ላይ ያቃጥላል፣ ቆዳ ያደርቃል። ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ አረፋው የሚያጸዳ ቢመስልም አዲስ የሚበቅለውን ሥጋ ይጎዳል። ቤታዲንም ለተሰፋ ንጹሕ ቁስል በየቀኑ አያስፈልግም፤ ሐኪም ካዘዘ ብቻ። ውድ የሆኑት ብር ወይም አዮዲን የገባባቸው ማሸጊያዎች ለተበከለ ወይም ለከረመ ቁስል የተሠሩ ናቸው፤ ለአንድ ንጹሕ ግርዛት ያን ገንዘብ ማውጣት አንመክርም።

መሄድ ያለብዎት መቼ ነው?

ደም ከፈሰሰ ተኝተው በስቴራይል ጎዝ ቦታውን በእጅ መዳፍ ጫን ያድርጉና ሰዓት አይተው 10 ደቂቃ ሙሉ ሳይገልጡ ይያዙት። «ቆመ ወይ?» እያሉ መግለጥ የረጋውን ደም ያነሣዋል። ከ10 ደቂቃ በኋላ ካልቆመ ሌላ ጎዝ በላዩ ጨምረው እየተጫኑ ይሂዱ፤ የታችኛውን አይንቀሉ።

የቆለጥ ከረጢት በሰዓታት ውስጥ እያደገ ከተወጠረና ሕመሙ ከበረታ፣ የብልት ጫፍ ቀለሙ ከተለወጠ፣ ፊኛዎ ሞልቶ ከ6 እስከ 8 ሰዓት መሽናት ካቃትዎ፣ ወይም ቱቦው ሽንት ማውረድ ካቆመ በዚያው ሰዓት ይሂዱ። ከሦስተኛው ቀን በኋላ መቀነስ ሲገባው የሚጨምር ሕመም፣ እየሰፋ የሚሄድ መቅላትና ትኩሳት፣ መግልና ክፉ ሽታ፣ ከ38 ዲግሪ በላይ የሆነ የሰውነት ሙቀት ካለ በዚያው ቀን ይታዩ፤ በአቅራቢያዎ ያለ ጤና ጣቢያም መጀመሪያ ሊያይዎ ይችላል።

የስኳር ሕመም ያለባቸው ሰዎች ቁስሉን በየቀኑ በመስታወት ጭምር ይዩት፤ ከሥር ያለው ክፍል ጎንበስ ብሎ አይታይም። በብልት፣ በከረጢት ወይም በፊንጢጣ ዙሪያ ከሚታየው በላይ የሆነ ኃይለኛ ሕመም፣ የሚጠቁር ቆዳ፣ ሲነካ እንደ ጨው የሚንኮሻኮሽ እብጠት ካለ በሰዓታት የሚስፋፋ የሥጋ መበስበስ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ጤና ጣቢያ አይበቃም፤ ቀዶ ሕክምና ወደሚሰጥ ሆስፒታል በቀጥታ ይሂዱ። ሌሊት መጓጓዣ ካጡ በ907 ወደ ቀይ መስቀል አምቡላንስ ይደውሉ፤ አካባቢውን በሰፈር ስም ብቻ ሳይሆን በብሎክ ቁጥር ወይም በታወቀ ምልክት ይናገሩ፣ አንድ ሰውም አስፋልቱ ድረስ ወጥቶ አምቡላንሱን ይጠብቅ።